በእንጨት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ማዕበልን በሸራ ማለፍ፦ ከዝግጅት እስከ ወደብ መመለስ

ባሕሩ ሲናወጥ ብዙ ሰው የሚፈራው መገልበጥን ነው። በእንጨት ጀልባ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቀድሞ የሚመጣ ጣጣ አለ። ሳንቃው መላወስ ይጀምራል፣ በመጋጠሚያው በኩል ውኃ ይገባል፣ ውኃው ጀልባውን ያከብደዋል፤ የከበደ ጀልባ ደግሞ ማዕበሉ ሲመጣ አብሮ አይነሣም፣ ይጠልቃል እንጂ። ሳንቃውን የሚያላውሰው የባሕሩ ኃይል ብቻ አይደለም፤ ጀልባው ራሱ በምን ፍጥነት ከማዕበሉ ጋር እንደሚጋጭም ይወስነዋል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት ነገር ፍጥነት መቀነስ ነው፤ የምትቀንሱትም «ገና ነው» በምትሉበት ሰዓት ይሁን።

የጻፍኩት ከ8 እስከ 12 ሜትር ርዝመት ላለው፣ አንድ ደቀል (ሸራ የሚሰቀልበት ምሰሶ) ለተተከለበት፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰው ለሚሠራበት ጀልባ ነው። «ከነፋስ በላይ» ስል ነፋሱ የሚመጣበትን ጎን፣ «ከነፋስ በታች» ስል ነፋሱ የሚሄድበትን ጎን ማለቴ ነው።

ከመነሣት በፊት፦ ሳንቃው፣ ሆዱና ጭነቱ

እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲርስ ያብጣል። የብስ ላይ ለሳምንታት የቆመ ጀልባ መጋጠሚያዎቹ ስለሚከፈቱ ወዲያው ወደ ክፉ ባሕር አይወጣም። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ አስራችሁ እስኪያብጥ ጠብቁት፤ ሁለት ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል። ካበጠ በኋላም የሚያፈስ ከሆነ በሳንቃዎቹ መካከል የተጠቀጠቀው ጥጥ ወይም ቃጫ አርጅቷል ማለት ነው። ቀጭን ቢላዋ ያለ ትግል የሚገባበትን ቦታ ሁሉ አውጥታችሁ በአዲስ ጠቅጥቁ፣ በላዩም ዝፍት ወይም ማሸጊያ ቀቡ።

ሁሉንም መጋጠሚያ ለማየት ጊዜ ከሌላችሁ ሦስት ቦታ አትዝለሉ። አንደኛው ከኪሉ፣ ማለትም ከታችኛው ግንድ ጋር የሚገጥመው የመጀመሪያው ሳንቃ ነው፤ ደቀሉ ወደ ታች ሲገፋ፣ ጀልባው ሲጠማዘዝ ጫናው የሚያርፈው እዚያ ነው። ሁለተኛው የሳንቃዎቹ ጫፍ ከፊተኛው ግንድ ጋር የሚቸነከርበት ነው። ሦስተኛው የደቀሉ ማሰሪያ ገመዶች ጎኑን የሚይዙበት ብረት ነው። በምስማር ራስ ዙሪያ ቡናማ የዝገት እንባ ካያችሁ ውስጡ ያለው ብረት ቀጥኗል።

ቀጥሎ ሆዱን፣ ማለትም ከወለሉ በታች ያለውን የጀልባውን ውስጥ፣ ጥረጉ። የጎድን አጥንት በሚመስሉት እንጨቶች ሥር ውኃ ወደ ፓምፑ እንዲወርድ የተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ቅርፊትና የመረብ ክር ሲደፍናቸው ፓምፑ ደረቅ አየር እየሳበ ውኃው ከፊት ተጠራቅሞ ይቀራል። ይህ ተራ የጽዳት ሥራ ይመስላል፤ በሌሊት፣ ጀልባው እየተናጠ፣ እጅን እስከ ክርን ሆዱ ውስጥ ከቶ ቆሻሻ መፈለግ ግን ተራ ነገር አይደለም። ከፓምፑ ሌላ ሁለት ጠንካራ ባልዲ፣ እጀታቸው ላይ ገመድ የታሰረ፣ ይኑራችሁ።

ድንጋይም ሆነ አሸዋ ለሚዛን ከጫናችሁ በጣውላ ሸፍናችሁ እሰሩት። ጀልባው ሲያዘነብል የተንሸራተተ ድንጋይ ጀልባውን ባዘነበለበት ያስቀረዋል፣ ሳንቃውንም ከውስጥ ይመታዋል። የዓሣ ማከማቻው በመለያ ጣውላ መከፋፈል አለበት፤ ልቅ የሆነ ዓሣ እንደ ፈሳሽ ይንቀሳቀሳልና። ውኃ ከወለሉ ላይ የሚወጣባቸው የጎን ቀዳዳዎች መረብም ሳጥንም አይቀመጥባቸው።

ሞተር ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የነዳጅ ታንክ ሥር የተኛ ዝቃጭ ጸጥ ባለ ቀን ምንም አያደርግም፤ ባሕሩ ሲያናውጠው ግን ተነሥቶ ማጣሪያውን ይዘጋል። ሞተሩ የሚጠፋው በጣም በምትፈልጉት ሰዓት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ታንኩን አጽዱ፣ መለዋወጫ ማጣሪያ ያዙ፣ ሸራውንም ሁልጊዜ ለመስቀል ዝግጁ አድርጉት።

በእጅ የሚደርስ ቦታ ላይ የሚቀመጡ፦ የተሳለ መጥረቢያና ቢላዋ፣ የተለያየ ውፍረት ያላቸው የለስላሳ እንጨት ውታፎች፣ አሮጌ ሸራ፣ የእርሳስ ወይም የመዳብ ቅጠል ከአጫጭር ምስማር ጋር፣ ቢያንስ 100 ሜትር ወፍራም ገመድ፣ እንደ መሪ የሚያገለግል ረጅም መቅዘፊያ። የሕይወት አድን ሰደርያ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ቦታው የሰው ገላ ላይ ነውና።

አየሩን ማንበብ

የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ15 ኖት ወደ 21 ኖት ከፍ ማለት ትንሽ ይመስላል፤ ሸራው ላይ ግን ግፊቱ እጥፍ ሆኗል። (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።)

መለኪያ ባይኖራችሁም ባሕሩ ራሱ ይናገራል። የቦፎርት መለኪያ የሚባለው፣ የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 የቀረጸው ሚዛን፣ ዛሬ ከባሕሩ መልክ ጋር ተያይዞ ይነበባል። በደረጃ 4 (ከ11 እስከ 16 ኖት) ነጭ አረፋ ደጋግሞ ይታያል። በደረጃ 6 (ከ22 እስከ 27 ኖት) አረፋ የሌለው የማዕበል ጫፍ ማየት ይከብዳል። በደረጃ 7 (ከ28 እስከ 33 ኖት) አረፋው በነፋሱ አቅጣጫ እንደ መስመር መዘርጋት ይጀምራል። ከዚህ በላይ ዓሣ የማጥመድ ሥራ አብቅቷል። እኔ ደረጃ 6 ከተነገረ ከወደብ ባትወጡ እላለሁ፤ 7 የሚሆነው ባሕር ላይ ሳላችሁ ነውና።

የአየር ግፊት መለኪያ ካላችሁ በየሰዓቱ መዝግቡ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ከ6 ሄክቶፓስካል በላይ ከወረደ ኃይለኛ ነፋስ እየመጣ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ቢታይም አትመኑት።

ስለ ማዕበል ቁመት ትንበያ ስትሰሙ የሚነገረው ቁጥር የትልልቆቹ ሲሶ አማካይ መሆኑን አስታውሱ። 2 ሜትር ከተባለ፣ በሰዓታት መካከል ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ አንድ ማዕበል መምጣቱ ያልተለመደ ነገር አይደለም። የውኃው ፍሰት ከነፋሱ በተቃራኒ ሲሄድ ደግሞ ያው ማዕበል አጥሮ ቀጥ ይላል፣ ይሰበራልም። በአንድ ዓይነት ነፋስ አንዱ ቦታ ሲታለፍ ሌላው የማይታለፈው ለዚህ ነው።

ሸራ ማሳጠር

ደንቡ አንድ ነው፤ «ላሳጥር ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ሲመጣባችሁ ጊዜው ደርሷል። ሌላ ምልክት ከፈለጋችሁ የመሪውን እጀታ የያዘውን ሰው ጠይቁት። ጀልባው ወደ ነፋሱ እየዞረ እጁን የሚያደክመው ከሆነ ሸራው በዝቷል።

ሸራው የማጠፊያ ክሮች ያሉት ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ጀልባውን ወደ ነፋሱ አቅርቡና የሸራውን መጎተቻ ገመድ ልቀቁ፤ ሸራው ጉልበቱን ይጣ፣ ጀልባው ግን መሪ እንዲሰማ ትንሽ መሄዱን አያቁም።
2. የመስቀያውን ገመድ ሸራው እስከሚታጠፍበት ልክ አውርዱ።
3. መጀመሪያ የፊተኛውን ጥግ እሰሩ፣ ከዚያ የኋለኛውን ወደ ኋላ በደንብ ወጥራችሁ እሰሩ። ኋላው ከላላ ሸራው ሆድ ያወጣል፣ ሆድ ያወጣ ሸራ ደግሞ ያዘነብላል እንጂ አይነዳም።
4. የመካከሉን ክሮች በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩ። ሙሉ ጫናው ጥጎቹ ላይ መሆን አለበት፤ ክሮቹ የሚይዙት የተረፈውን ጨርቅ ብቻ ነው።
5. መልሳችሁ ስቀሉ፣ መጎተቻውን ቀስ እያላችሁ ሳቡ።

ረጅም አግዳሚ እንጨት ላይ የተንጠለጠለው ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ግን ብዙ ጊዜ ማጠፊያ የለውም። ለእሱ መፍትሔው አግዳሚውን ማውረድና ትንሹን ሸራ ማሰር ነው። ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል፣ ወለሉ ላይም ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የዚህ ሸራ ባለቤት ከሌላው ቀድሞ መወሰን አለበት። አቅጣጫ መቀየርም እንደዚሁ ነው። በዚህ ሸራ ጀርባን ለነፋስ ሰጥቶ መዞርና አግዳሚውን በደቀሉ ፊት ማዞር የተለመደ ቢሆንም፣ በኃይለኛ ነፋስ ሸራው አምልጦ እንደ ባንዲራ ፊት ለፊት ሊውለበለብ ይችላል። ሁለት አማራጭ አለ፤ አግዳሚውን አውርዶ፣ ጀልባውን አዙሮ፣ እንደገና መስቀል፤ ወይም ለአጭር ርቀት ሸራው ደቀሉ ላይ እንደተጫነ መሄድ። ሁለተኛው ጥቂት ጉልበት ያሳጣል፣ በዚህ ሰዓት ግን ያ ጉዳት አይደለም።

የመጎተቻውን ገመድ በማይፈታ ቋጠሮ የሚያስር ሰው ጀልባ ላይ መቀመጥ የለበትም። ድንገተኛ ሽውታ ሲመጣ ገመዱ በአንድ እጅ፣ በአንድ ጊዜ መለቀቅ አለበት።

ማዕበሉ ከፊት ሲመጣ

ማዕበልን በአፍንጫ ቀጥ ብሎ መጋፈጥ ጀልባውን ያቆመዋል፣ ሳንቃውንም ይቀጠቅጠዋል። ጎን መስጠት ደግሞ ያንከባልላል። መካከሉ፣ ከማዕበሉ ጋር ከ40 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ፣ ጥሩው መንገድ ነው። ግን ይህን ማዕዘን ይዞ ድርቅ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ማዕበል የራሱ አያያዝ አለው።

ጀልባው መውጣት ሲጀምር ትንሽ ወደ ነፋሱ አዙሩት፤ ፍጥነቱ በራሱ ይቀንሳል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ወዲያው ከነፋሱ መልሱት፣ በማዕበሉ ጀርባ ላይ ሰያፍ ሆኖ እንዲንሸራተት። ይህ መልስ ከዘገየ ፊቱ አየር ላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሸለቆው ይወድቃል። ያን የጣውላ ጩኸት የሰማ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከወደቀ የያዛችሁት ፍጥነት በዝቷል ማለት ነው፤ መጎተቻውን አላሉ። በሌላ በኩል ከ3 ኖት በታች ከሆናችሁ መሪው ውኃ ስለማያገኝ አይሰማም፣ ቀጣዩ ማዕበልም ወደ ጎን ይጥላችኋል። ሥራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል መቆየት ነው።

ትልልቅ ማዕበሎች ብዙውን ጊዜ በቡድን ይመጣሉ። ሦስት አራት ትልልቆች ካለፉ በኋላ ውኃው ትንሽ ይረግባል። አቅጣጫ የምትቀይሩት፣ ሸራ የምታሳጥሩት፣ ሰው ወደ ፊት የምትልኩት በዚያች ፋታ ነው። መሪ ያዡ እጁን እንጂ ዓይኑን ለጀልባው አይስጥ፤ ዓይኑ ቢያንስ ሁለት ማዕበል ቀድሞ ከነፋስ በላይ ባለው ጎን ላይ ይሁን። በኃይለኛ ባሕር አንድ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ መሪ አይያዝ። የደከመ ሰው ስህተቱን ሳያውቀው ይሠራል፣ አልደከምኩም ብሎም ይከራከራል።

ማዕበሉ ከኋላ ሲከተል

ይህ ምቹ የሚመስለው አካሄድ ከሁሉም ይበልጥ አታላይ ነው። ነፋሱ የቀነሰ ይመስላል፣ ጀልባው ይሮጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። አደጋው የሚጀምረው እዚያው ነው።

ውኃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቱ 9 ሜትር የሆነ ጀልባ በራሱ ከ7 ኖት ትንሽ ከፍ ባለ ፍጥነት ይገደባል። በየ6 ሴኮንዱ የሚመጣ ማዕበል ግን በጥልቅ ውኃ 18 ኖት ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ማዕበሉ ከኋላ ይደርሳችኋል፣ ኋላችሁን ያነሣል፣ ጀልባውም ቁልቁል መሮጥ ይጀምራል። በማዕበል ጫፍ ላይ ያለው ውኃ ራሱ ወደ ፊት ስለሚሄድ በመሪው ላይ የሚያልፈው ፍሰት ይቀንሳል፤ ጀልባው በጣም በሚፈጥንበት ቅጽበት መሪው ይሰንፋል። ያኔ ፊቱ ሸለቆው ውስጥ ይሰካል፣ ኋላው ይዞራል፣ ጀልባው ጎኑን ለሚሰበረው ማዕበል ይሰጣል። የሚገለበጡት እንዲህ ነው።

ለመከላከል መጀመሪያ ሸራውን በጣም አሳንሱ፤ የቀረችውም በተቻለ መጠን ወደ ፊት ትሁን። ፊት ላይ ያለ ትንሽ ሸራ ጀልባውን እየጎተተ ቀጥ ያደርገዋል፣ ኋላ ላይ ያለ ሸራ ግን ያዞረዋል። ክብደትን ከፊት ወደ ኋላ አሸጋግሩ፤ መልሕቁና ሰንሰለቱ ፊት ላይ ካሉ አንሷቸው። ኋላችሁን ለማዕበሉ በተቻለ መጠን ቀጥ አድርጉ። አንድ ሰው ወደ ኋላ እያየ «ትልቅ መጣ» ይበል፤ መሪ ያዡ ራሱ ወደ ኋላ ባያይ እመርጣለሁ፣ የሚያየው ነገር እጁን ያደነዝዘዋል። ጀልባው መዞር ከመጀመሩ በፊት እርሙ፤ ከጀመረ በኋላ አይመለስም።

አሁንም የሚሮጥ ከሆነ ገመዱን አውጡ። ወፍራሙን ገመድ አንዱን ጫፍ በኋላ ቀኝ፣ ሌላውን በኋላ ግራ አስራችሁ መካከሉን ሰፊ ቅስት አድርጋችሁ ባሕር ላይ ልቀቁት። ሲጎተት ፍጥነቱን ይይዛል፣ ኋላውንም ለማዕበሉ ቀጥ አድርጎ ያቆያል። የጀልባው ጠርዝ የሚፈትገውን ቦታ በአሮጌ ጨርቅ ወይም ቆዳ ጠቅልሉ፤ ያልተጠቀለለ ገመድ ሌሊቱን አይዘልቅም። ሸራው በድንገት ወደ ሌላው ጎን እንዳይወረወር የታችኛውን አግዳሚ እንጨት ወደ ፊት በገመድ እሰሩት። የሚወረወር እንጨት ደቀል ይሰብራል፣ ሰውም ይገድላል።

መቆም

ከመሮጥም ከመታገልም ይልቅ ባሕር ላይ ቆሞ መጠበቅ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ረጅም ኪል ያላቸው የቆዩ ጀልባዎች በዚህ የተካኑ ናቸው።

ከዋናው ሸራ ፊት ሌላ ትንሽ ሸራ ካላችሁ፣ ዋናውን በጣም አሳጥራችሁ ወደ መካከል ሳቡት። ወደ ነፋሱ ዙሩና ነፋሱን ወደ ሌላው ጎን አሳልፉ፤ የፊተኛዋን ሸራ መጎተቻ ግን ሳትፈቱ ተዉት። አሁን የፊተኛዋ ሸራ በተቃራኒ በኩል ነፋስ ትይዛለች። ከዚያ መሪውን ጀልባው ወደ ነፋሱ እንዲዞር አድርጋችሁ እሰሩት። አንዷ ወደ ታች ትገፋለች፣ ሌላው ወደ ላይ ይዞራል፤ ጀልባው ፊቱን ከነፋሱ በሰያፍ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይንሸራተታል። የሚተወው የተረበሸ ውኃ ከነፋስ በላይ በኩል ለስለስ ያለ ገጽ ስለሚፈጥር አንዳንዱ ማዕበል እዚያው ይሞታል። ድንገት ጸጥታ ይሆናል፤ ሰዎች የሚበሉበትና የሚተኙበት ሰዓት ይህ ነው።

አንድ ሸራ ብቻ ያለው ጀልባ እንዲህ አይቆምም። ለእሱ ውኃ ውስጥ የሚከፈት የሸራ ከረጢት በረጅም ገመድ ከፊት ይለቀቃል። ከሌለ በአግዳሚ እንጨት ላይ ሸራ አስሮ፣ ታችኛውን ጫፍ በትንሽ መልሕቅ አክብዶ መሥራት ይቻላል።

በሁለቱም መንገድ ጀልባው በሰዓት ከ1 እስከ 2 የባሕር ማይል ከነፋስ በታች ይወሰዳል። በ8 ሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከበታቻችሁ ያን ያህል ክፍት ባሕር ከሌለ መቆም አይቻልም፤ ገና ሸራ መሸከም በምትችሉበት ሰዓት ከዳርቻው ራቁ።

መረቡ ውኃ ውስጥ ሳለ

መረብ ጀልባን ከባሕሩ ግርጌ ጋር ያስራል። ድንጋይ ላይ ከተያዘና በጎን በኩል ከተጎተተ፣ ማዕበሉ ጀልባውን ሲያነሣ ገመዱ ያንኑ ጎን ወደ ታች ይስባል። የመረቡን ገመድ ወዲያው ወደ ፊት አሸጋግሩት፣ በዝቅተኛ ቦታ በኩል ይለፍ። ካልተላቀቀ ተንሳፋፊ ምልክት አስራችሁ ቁረጡት። የመረብ ዋጋ ብዙ ሰው በመጥረቢያው ፊት እንዲያመነታ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው ውሳኔው ከወደብ ሳይወጡ ተነጋግሮ መወሰን ያለበት። እርጥብ መረብና ዓሣ ወለል ላይ መከመርም ክብደቱን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ወደ ታች አስገቡት፣ ካልሆነ ጣሉት።

ውኃ ሲገባ

3 ሜትር በ2 ሜትር በሆነ ማከማቻ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ውኃ ከ600 ኪሎ በላይ ነው፤ ያውም ጀልባው ወዳዘነበለበት የሚሮጥ 600 ኪሎ። ስለዚህ በየሰዓቱ ፓምፑ ስንት ጊዜ ተገፍቶ እንደደረቀ ቁጠሩ። 40 የነበረው 90 ከሆነ ጀልባው መላወስ ጀምሯል፤ ፍጥነት ቀንሱ ወይም አቅጣጫ ቀይሩ።

ውኃውን ቅመሱት። ጨው ከሌለው የዝናብ ወይም የቀለጠ በረዶ ነው፤ ጨው ካለው ቀዳዳ ፈልጉ። ከውኃው ወለል 60 ሳንቲ ሜትር በታች ያለ፣ አውራ ጣት የሚያሾልክ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ በደቂቃ 60 ሊትር ገደማ ያስገባል፤ ሁለት ሰው በባልዲ ይቋቋመዋል። ቀዳዳው ያለበት ጎን ከውኃ ወጣ እንዲል ነፋሱን በዚያው ጎን ተቀበሉ፣ ከዚያ በውታፍ ድፈኑት። የተከፈተ መጋጠሚያ ከሆነ ከውስጥ በመዶሻ አትጠቅጥቁ፤ ሳንቃዎቹን ይበልጥ ይለያያቸዋል። በቅባት የራሰ ጨርቅ በቀስታ አስገብታችሁ በላዩ የእርሳስ ቅጠል ምቱበት። ለትልቅ ቀዳዳ ሸራን ከውጭ በኩል በገመድ ስቦ ማልበስ ይረዳል፤ የውኃው ግፊት ራሱ ያጣብቀዋል። ሳንቃው በብዛት ከላላ ከጥንት የመጣው ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ ገመድ ከፊት አሳልፎ በሆዱ ሥር ማዞር፣ ሁለቱን ጫፍ ወለል ላይ አስሮ በእንጨት እየጠመዘዙ ማጥበቅ።

ፓምፑ ወደ ኋላ እየቀረ ከሆነ ለእርዳታ ጥሪ አትዘግዩ። በራዲዮ ጣቢያ 16 (156.8 ሜጋኸርትዝ) «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ የጀልባውን ስም፣ ያላችሁበትን ቦታ፣ የደረሰውን ነገር፣ የሰዎቹን ቁጥር ተናገሩ።

ወደብ መግባት

ማዕበል የሚሰበረው የውኃው ጥልቀት ከቁመቱ 1.3 እጥፍ ያህል ሲሆን ነው። 2 ሜትር ማዕበል 2.6 ሜትር ጥልቀት አካባቢ ይሰበራል፤ ብዙ የወደብና የወንዝ አፍም ከዚያ አይጠልቅም። ውጭ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ደግሞ የማዕበሉ ጀርባ ብቻ ስለሚታያችሁ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላችኋል።

ውኃው ወደ ባሕር በሚወጣበት ሰዓት አትግቡ፤ ፍሰቱና ማዕበሉ ተጋጭተው ግድግዳ ይሠራሉ። ውኃው ወደ ውስጥ በሚገባበት ሰዓት፣ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ጠብቁ። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ከውጭ ቆማችሁ የትልልቆቹን ቡድን ተመልከቱ፤ የመጨረሻው ሲያልፍ በእሱ ጀርባ ላይ ግቡ፣ አትቅደሙት፣ ከኋላው ያለውም አይድረስባችሁ። ፍጥነት መጨመር የሚፈቀድበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው። መግቢያው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ከሆነ መግቢያ የለም፤ ወደ ክፍቱ ባሕር ተመልሳችሁ ቁሙ፣ ወይም ሌላ ወደብ ፈልጉ።

ከታሰራችሁ በኋላ ሆዱን አድርቁና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ቆሞም የሚያፈስ ከሆነ ቀጣዩ ጉዞ ከጥገና በኋላ ነው። የወጣውን ጥጥ፣ ከቦታው የተነቃነቀውን ምስማር፣ የተፈተገውን ገመድ በኖራ ምልክት አድርጉበት፤ ነገ ሲደርቅ ስንጥቁ አይታይም።